ተንታኙ፣ ሐኪሙና አድማጩ፦ የጤና ምክር በአሜሪካ የፓርቲ ጉዳይ የሆነበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2021 ፊል ቫለንታይን የተባሉ የናሽቪል ከተማ የሬዲዮ ተንታኝ በኮቪድ-19 ሕይወታቸው አለፈ። 61 ዓመታቸው ነበር። ከመታመማቸው በፊት፣ ቫይረሱ ቢይዛቸው እንኳ የመሞት ዕድላቸው ከአንድ በመቶ በታች እንደሆነ ገምተው ክትባቱን ሳይወስዱ ቀርተዋል፤ በክትባት ዘመቻው ላይ የሚያላግጥ ዘፈንም ሠርተው ነበር። ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ቤተሰባቸው መግለጫ አወጣ። ስለ ክትባቱ አጥብቀው ባለመናገራቸው እንደተጸጸቱ፣ ወደ ማይክሮፎናቸው ሲመለሱም አድማጮቻቸውን ተከተቡ እንደሚሉ ተናገረ። አልተመለሱም።

በዚያው ዕለት፣ ከናሽቪል በስተደቡብ በምትገኘው የአላባማ ግዛት፣ ከልማን በምትባል ከተማ ዶናልድ ትራምፕ በሺዎች ለሚቆጠሩ ደጋፊዎቻቸው ንግግር ያደርጉ ነበር። በመሀል ክትባቱን ውሰዱ፣ እኔም ወስጃለሁ፣ ጥሩ ነው አሉ። ከሕዝቡ መካከል የተቃውሞ ጩኸት ተሰማ። ትራምፕም ነጻነታችሁ የተጠበቀ ነው ብለው ነገሩን አለዘቡት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባጭሩ ነው፦ ተንታኞች ዋሹ፣ ሕዝብ ተታለለ፣ ሰው ሞተ። የዚያ ቅዳሜ ሁለት ክስተቶች ግን ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደማይሄድ ያሳያሉ። አንዱ ተናጋሪ ለአድማጮቻቸው ያሉት ነገር ለራሳቸው ተረፈ። ሌላው ተናጋሪ ደግሞ ክትባቱን በፍጥነት ያሠራሁት እኔ ነኝ የሚሉ ሰው ሆነው ሳለ፣ ደጋፊዎቻቸው ያልፈለጉትን ሲናገሩ ተጮኸባቸው። መሪው ማን ነው? ተከታዩስ?

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወገንተኛ ተንታኝ ማለት ማን ነው?

ጋዜጠኛ የሆነውን ይነግረናል። ተንታኝ የሆነው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳናል። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ወገንተኛ ተንታኝ ግን ትርጉሙን አስቀድሞ ይዞ የሚመጣ ነው። ጥፋተኛው ወገን ማን እንደሆነ ከዜናው በፊት ተወስኗል፤ የቀረው ሥራ የዕለቱን ዜና በዚያ ልክ መስፋት ነው።

በአሜሪካ ሕግ ፊት ይህ ልዩነት ገንዘብ ያወጣል። በ2020 ወግ አጥባቂው የፎክስ ኒውስ ጣቢያ በወቅቱ ዝነኛ አቅራቢው በነበሩት በታከር ካርልሰን ንግግር ምክንያት በስም ማጥፋት ተከስሶ ነበር። ጣቢያው ያቀረበው መከራከሪያ ባጭሩ፣ ይህን ፕሮግራም የሚያይ አስተዋይ ሰው የሚነገረውን ሁሉ ቃል በቃል እንደ እውነታ አይወስደውም የሚል ነበር። የኒውዮርክ የፌዴራል ዳኛዋም ተቀብለውት ክሱን ዘጉት። በተቃራኒው ወገን የኤምኤስኤንቢሲዋ ሬቸል ማዶውም በተመሳሳይ ክስ ተመሳሳይ መከላከያ አቅርበው ረትተዋል። ፍርድ ቤቱ የሚያስበው ያ አስተዋይ ተመልካች ግን፣ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስለ ክትባት የሚሰማውን ሁሉ እንደዚህ እያጣራ ይሰማል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለው ድምፅ ከየት መጣ?

ከ1949 ጀምሮ የአሜሪካ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአንድ ደንብ ይገዙ ነበር። አከራካሪ የሕዝብ ጉዳዮችን ማንሳት፣ ሲያነሱም የተለያዩ አመለካከቶችን ማሰማት ነበረባቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአየር ሞገድ ውስን የሕዝብ ሀብት ስለሆነ የተፈቀደለት ሰው ለራሱ ወገን ብቻ ሊጠቀምበት አይገባም የሚል ነበር። በ1987 የመገናኛ ኮሚሽኑ ደንቡን ሻረው። በዓመቱ፣ በኦገስት 1988፣ ራሽ ሊምቦ የተባሉ ወግ አጥባቂ የሬዲዮ ሰው ፕሮግራማቸውን በመላ አገሪቱ ማሰራጨት ጀመሩ። በ1996 ደግሞ ኤምኤስኤንቢሲና ፎክስ ኒውስ በተከታታይ ተከፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ደንቡ ባይሻር ኖሮ ፎክስ ኒውስ አይኖርም ነበር ሲባል ይሰማል። ደንቡ የሚመለከተው በአየር ሞገድ የሚያሰራጩትን እንጂ በኬብል የሚተላለፉትን አልነበረም። የተለወጠው ከሕጉ ይልቅ ገበያው ነው። ሦስት ጣቢያዎች ብቻ በነበሩበት ዘመን ትርፍ የሚገኘው ማንንም ባለማስቀየም ነበር። ጣቢያው ሲበዛ፣ ጥቂት ሚሊዮን ታማኝ ተመልካቾችን አጥብቆ መያዝ ሁሉንም ለማስደሰት ከመሞከር የበለጠ ያተርፋል። ታማኝ ደንበኛ ደግሞ የሚያዝበት አንዱ ገመድ ሌሎቹ እየዋሹህ ነው የሚለው ቃል ነው።

ሰው ባለሙያውን ትቶ ተንታኙን ለምን ያምናል?

ሊምቦ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተናግረዋል። አድማጫቸው መኪናው ውስጥ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ አብረውት ነበሩ። ይህ ዝምድና የቡና አጣጭነት ያህል ነው። የቡና አጣጫችን ስለ ጉበት በሽታ ያለችውን የምንሰማት ስለ ጉበት ስለምታውቅ አይደለም፤ እሷን ስለምናውቃት ነው። በአንጻሩ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ለብዙው ሰው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው፤ ፊት የለውም፣ የሚመጣውም ችግር ሲኖር ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር ይህን ነገር ያወቀች ይመስላል። ወደ 40,000 የሚጠጉ ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከዚያው ቀበሌ የተመለመሉ፣ በየቤቱ እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ መከሩ። ምክሩ የሚኒስቴሩ ነው፤ ፊቱ ግን የእትዬ እንትና ልጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተደረጉ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችም መንግሥትን የማያምን ሰው የራሱን ሐኪም ያምናል። ችግሩ ያን ሐኪም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ማግኘቱ ነው። ተንታኙን ማታ ማታ ያገኘዋል።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2020 ሊምቦ ለአድማጮቻቸው ኮሮና ተራ ጉንፋን ነው፣ ትራምፕን ለመጣል መሣሪያ እየተደረገ ነው አሉ። ልብ በሉ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግማሹ የጤና ነው፣ ግማሹ የፖለቲካ። ሁለቱ አንዴ ከተሰፉ በኋላ መፍታት አስቸጋሪ ነው። ቫይረሱን መፍራት የጠላትን ወገን ማመን ሆነ፣ አለመፍራት ደግሞ ታማኝነት።

የአንድ ተንታኝ ቃል በእርግጥ ሰውን ይለውጣል?

ይህን ማወቅ ከባድ ነው። ፎክስን የሚያዩት ሰዎች ካልተከተቡ፣ ፎክስ ስላሳመናቸው ነው ወይስ ቀድሞም እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ፎክስን ስለሚመርጡ? ጥቂት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2020 ብልኅ መንገድ አገኙ። ፎክስን ከሌላ ጣቢያ ጋር ከማወዳደር ይልቅ፣ በዚያው ጣቢያ ተከታትለው የሚቀርቡ ሁለት ሰዎችን አወዳደሩ። በፌብሩዋሪና በማርች መጀመሪያ ታከር ካርልሰን ቫይረሱ አደገኛ ነው እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ የሚቀርቡት ሾን ሃኒቲ ግን በዚያ ጊዜ ነገሩን ያቃልሉት ነበር። ሁለቱም ወግ አጥባቂዎች፣ ሁለቱም የትራምፕ ደጋፊዎች፣ ተመልካቾቻቸውም ተመሳሳይ።

ሰው ማታ ቴሌቪዥን የሚከፍትበት ሰዓት ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ፣ አንዳንዱ ወረዳ በአጋጣሚ ብዙ ሃኒቲን፣ ሌላው ብዙ ካርልሰንን ያይ ነበር። ውጤቱ፣ ሃኒቲ በይበልጥ በሚታዩባቸው ወረዳዎች በወረርሽኙ መጀመሪያ የተያዙትም የሞቱትም በዝተው ተገኙ። የሃኒቲ ተመልካቾች ጥንቃቄ የጀመሩትም ዘግይተው ነበር። ሃኒቲ በማርች አጋማሽ ድምፃቸውን ሲለውጡ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ።

ስለዚህ ቃል ይሠራል። ግን ደግሞ ይህ ጥናት ሌላ ነገርም ይነግረናል፦ ተንታኙ እውነቱን ቢናገር ኖሮም ያው ተመልካች ይሰማው ነበር። ካርልሰን እስከ ተናገሩ ድረስ ተሰምተዋል። የሚገርመው በቀጣዩ ዓመት ቦታ መለዋወጣቸው ነው፤ ካርልሰን የክትባት ጥርጣሬ ዋና ድምፅ ሲሆኑ፣ ሃኒቲ በጁላይ 2021 በክትባት ሳይንስ አምናለሁ አሉ።

መንግሥትስ ራሱ አላጠፋም?

አጥፍቷል። ይህን ክፍል ዘልሎ ተንታኞቹን ብቻ መውቀስ የጤና ባለሥልጣናቱን ለማስደሰት ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም።

ከማስኩ እንጀምር። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 የአሜሪካ መንግሥት ከፍተኛው የሕዝብ ጤና መኮንን ጀሮም አዳምስ በትዊተር ሕዝቡን ማስክ መግዛት አቁሙ አሉት። ማስክ ተራውን ሰው ከኮሮና አይከላከልም፣ የጤና ባለሙያዎች ካላገኙት ግን እነሱም ማኅበረሰቡም አደጋ ላይ ይወድቃል የሚል ነበር መልእክቱ። ማንበብ የጀመረ ልጅ እንኳ ይጠይቃል፦ እኔን የማያድነኝ ነገር ነርሷን እንዴት ያድናታል? መልስ ነበረው። ነርሷ ቀኑን ሙሉ ከሚያስል በሽተኛ ፊት ትቆማለች፤ ማስኩም በአገሪቱ እጥረት ነበረበት፤ ምልክት የማያሳይ ሰው በሽታውን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍም ገና በደንብ አልታወቀም ነበር። ማስክ ጥቂት ነው፣ እባካችሁ ለነርሶቻችን እንተውላቸው ቢባል ብዙው ሰው የሚገባው ነገር ነው። ያ ግን አልተባለም። ኤፕሪል 3 ቀን የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ፣ በተለምዶ ሲዲሲ የሚባለው፣ ሁሉም ሰው ከቤት ሲወጣ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ እንዲሸፍን መከረ። ትራምፕም ይህንኑ ሲያስታውቁ፣ በዚያው መድረክ እኔ ግን የማደርገው አይመስለኝም አሉ።

ሳይንስ ሲማር ምክሩን መለወጡ ነውር አይደለም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በጭጋግ ውስጥ የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ቀኝ ያዝ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ግራ ያዝ ይላል። ረዳቱ አስቀድሞ የሚታየኝ አምስት ሜትር ብቻ ነው ካለ፣ ተሳፋሪው ሁለተኛውን ትእዛዝ በምስጋና ይቀበለዋል። መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኛል ካለ ግን ሁለተኛው ትእዛዝ የመጀመሪያውን ውሸት ያደርገዋል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ብዙ ጊዜ የሚታያቸው አምስት ሜትር ሆኖ ሳለ ወለል ብሎ እንደሚታየው ሰው ተናገሩ።

ምሳሌዎቹ ብዙ ናቸው። የመንግሥቱን የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ይመሩ የነበሩት አንቶኒ ፋውቺ ወረርሽኙ እንዲቆም ከሕዝቡ ምን ያህሉ በሽታውን የመቋቋም አቅም ሊኖረው ይገባል ለሚለው ጥያቄ በ2020 የሚሰጡትን ቁጥር ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ሄዱ። በዲሴምበርም በከፊል አዲስ መረጃ ስላለ፣ በከፊል ደግሞ ሕዝቡ አሁን ለመስማት ዝግጁ ነው ብለው ስላሰቡ እንደሆነ ለጋዜጣ ተናገሩ። በጁን 2020 ከ1,000 በላይ የጤና ባለሙያዎች የዘረኝነት ተቃውሞ ሰልፎችን በሕዝብ ጤና ስም የሚደግፍ ደብዳቤ ፈረሙ፤ ከሳምንታት በፊት የወዳጁን ቀብር ከስልኩ መስታወት ላይ ያየ ሰው ይህን እንዴት እንዳነበበው መገመት አያስቸግርም።

ወገንተኝነቱም የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በኦክቶበር 2020 በምክትል ፕሬዚዳንትነት ዕጩዎች ክርክር የዴሞክራቶቹ ዕጩ ካማላ ሃሪስ ሐኪሞች ውሰዱ ካሉን ለመከተብ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ ትራምፕ ውሰዱ ካሉን ግን አልወስደውም አሉ። ማርች 29 ቀን 2021 የሲዲሲ ኃላፊ ሮሼል ዋለንስኪ በሬቸል ማዶው ፕሮግራም ቀርበው የተከተቡ ሰዎች ቫይረሱን እንደማይሸከሙ መረጃው ያመለክታል አሉ። ማዶውም በዚያው ምሽት ቫይረሱ በእያንዳንዱ የተከተበ ሰው ላይ ሲደርስ ይቆማል ብለው አስረዱ። በቀናት ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ማስረጃው እስከዚያ እንደማይደርስ አስተካከለ። በአሜሪካ የበጋ ወራት ዴልታ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ሲመጣ የተከተቡትም መያዝና ማስተላለፍ እንደሚችሉ ታየ። ክትባቱ ከከባድ ሕመምና ከሞት መከላከሉን ቀጥሏል። ነገር ግን ለሕዝቡ ተስፋ የተሰጠው ጨርሶ አለመያዝ ነበር፤ ለተቃራኒው ተንታኝ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

እውነተኛ ቁጥር እንዴት ወደ ሐሰት ይወስዳል?

ጎበዝ ወገንተኛ ተንታኝ ዋሽቶ ራሱን ለጥቃት አያጋልጥም። እውነተኛ ቁጥር ያመጣና ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው ይላል።

በጁላይ 2021 በማሳቹሴትስ ግዛት ፕሮቪንስታውን በምትባል የመዝናኛ ከተማ ወረርሽኝ ተነሣ። በሪፖርቱ ከተቆጠሩት 469 ሰዎች ውስጥ 74 በመቶው ሙሉ በሙሉ የተከተቡ ነበሩ። ቁጥሩን ያወጣው ራሱ ሲዲሲ ነው። ታዲያ ክትባቱ ምን ይሠራል?

አንድ 1,000 ሰው የሚኖርባት መንደር በሐሳብ እንሥራ። 900ው ተከትበዋል፣ 100ው አልተከተቡም። በሽታው ገባ። ከተከተቡት ከመቶ 5 ሰው ያዘ፣ ይህ 45 ሰው ነው። ካልተከተቡት ከመቶ 30 ያዘ፣ ይህ 30 ሰው ነው። በጠቅላላው ከታመሙት 75 ሰዎች 45ቱ፣ ማለትም 60 በመቶው፣ የተከተቡ ናቸው። ተንታኙ ይህን 60 በመቶ ይዞ ይወጣል፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ያልተከተበው ሰው የመያዝ ዕድል ግን ስድስት እጥፍ ነው። በፕሮቪንስታውን ከ469ኙ ሆስፒታል የገቡት አምስት ብቻ ሲሆኑ የሞተ አልነበረም። ይህ የቁጥሩ ሁለተኛ ግማሽ በማታው ፕሮግራም ብዙም ጊዜ አያገኝም።

ሁለተኛው ዘዴ የመዝገብ ነው። አሜሪካ ከ1990 ጀምሮ ከክትባት በኋላ የደረሰ ማንኛውም የጤና እክል የሚመዘገብበት ሥርዓት አላት። ሐኪምም፣ ታካሚም፣ ዘመድም ማስመዝገብ ይችላል። ሥራው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ዓይነት ነው፤ ያልተለመደ ነገር ካለ ባለሙያዎች ሄደው እንዲመረምሩ ማንቂያ ይሆናል። በሜይ 2021 ካርልሰን በዚህ መዝገብ መሠረት ከክትባት በኋላ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል አሉ። መዝገቡ ላይ ሞቶቹ አሉ። ግን በእነዚያ ወራት መጀመሪያ የተከተቡት አረጋውያንና በሕመም የቆዩ ሰዎች ነበሩ፣ በአሥር ሚሊዮኖች። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል በልብ ድካም፣ በስትሮክ፣ በእርጅና የሚሞት ሰው በየቀኑ አለ፣ ቢከተብም ባይከተብም። ከጸበል መልስ የሞተን ሰው ሁሉ ጸበል ገደለው አንልም።

መዝገቡ ግን እውነተኛ ጉዳትም ይይዛል። በ2021 የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ አደገኛ የደም መርጋት እንደሚያመጣ የተደረሰበት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ክትባቱም ለጊዜው ቆሞ ነበር። ሣጥኑ ለዚህ ነው የተሠራው።

ተንታኙ የሚናገረውን ያምንበታል?

በሴፕቴምበር 2021 የፎክስ ኩባንያ ከቋሚ ሠራተኞቹ ከ90 በመቶ በላይ መከተባቸውን፣ ያልተከተቡትም በየቀኑ እንደሚመረመሩ ለሠራተኞቹ በጻፈው ማስታወሻ አሳወቀ። በማያ ገጹ ላይ ደግሞ በዚያው ወቅት መንግሥት በሠራተኞች ላይ የሚጥለው የክትባት ግዴታ እንደ አምባገነንነት ይብጠለጠል ነበር።

የውስጡን ነገር በተሻለ ያሳየን ከጤና ጋር ግንኙነት የሌለው ክስ ነው። ዶሚኒየን የተባለው የምርጫ ማሽን ኩባንያ ስለ 2020 ምርጫ በተሰራጨ ሐሰት ፎክስን ከሰሰ፤ በኤፕሪል 2023 ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። በክሱ ምክንያት ይፋ በወጡት የግል መልእክቶች፣ የጣቢያው ሰዎች በአየር ላይ ያስተናገዱትን የምርጫ ውንጀላ በጓዳ ሲያጣጥሉት ታየ። የሚያስጨንቃቸውም ነገር ታየ። ተመልካቹ ተቆጥቶ ኒውስማክስ ወደተባለው ተቀናቃኝ ጣቢያ እየሄደ ነበር።

በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ያንኑ ቃል በማሲንቆ አጅቦ፣ አሳምሮ ይመልስለታል። ሰውየው የራሱን ሐሳብ ከሌላ ሰው አፍ በዜማ ሲሰማው ደስ ብሎት ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። የኬብል ተንታኝና የተመልካቹ ግንኙነት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። አንድ ልዩነት አለ፤ እሱም ለአዝማሪው ክብር ነው። አዝማሪ የተሰጠውን ስንኝ ቀልብሶ ሰጪውን ራሱን መልሶ ሊወጋው ይችላል፤ ቤቱም ይስቃል። የኬብል ተንታኝ ይህን ነጻነት አጥቷል። ቀልብሶ ከወጋ ግንባሩ ባዶ ይቀራል። ትራምፕ በከልማን ስንኙን ትንሽ ሊቀለብሱ ሞክረው ያዩት ይህንኑ ነው።

ሰውስ ሞቶበታል?

ለዚህ ጥያቄ የተሻለው መልስ ያለው በኦሃዮና በፍሎሪዳ ግዛቶች ላይ በተሠራና በ2023 በታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ500,000 በላይ የሞት መዝገቦችን ከመራጮች መዝገብ ጋር አገናኙ። የለኩትም ትርፍ ሞትን ነው፤ ይህም በተለመደው ዓመት ይሞታሉ ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ የሞቱት ማለት ነው። ክትባቱ ለአዋቂዎች ሁሉ ክፍት ከመሆኑ በፊት በሁለቱ ፓርቲዎች መራጮች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን በሪፐብሊካን መራጮች ዘንድ የነበረው የትርፍ ሞት መጠን ከዴሞክራቶቹ በ43 በመቶ በልጦ ተገኘ። ልዩነቱ የጎላውም ጥቂት ሰው በተከተበባቸው አካባቢዎች ነው።

ጥናቱ እያንዳንዱ ሟች ይከተብ አይከተብ፣ ማንን ይሰማ እንደነበር አያሳይም። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች እገሌ የተባለ ተንታኝ ገደላቸው ማለት አይቻልም። ልዩነቱ የጀመረበት ጊዜ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አለመተማመን ሁሉ ከቴሌቪዥን ይመጣል?

አይመጣም። ከ1932 እስከ 1972 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአላባማ ቱስኪጊ 399 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶችን ሳያክም ይከታተላቸው ነበር፤ ፔኒሲሊን መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልሰጣቸውም። ይህን ከአያቱ የሰማ ሰው የመንግሥትን መርፌ ቢጠራጠር አላዋቂ አይባልም። በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያንም የራሳቸው ቁስል አላቸው። በጃንዋሪ 1996 የደም ባንኩ እነሱ የለገሱትን ደም ሳይነግራቸው ለዓመታት ሲደፋ እንደኖረ በጋዜጣ ተገለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ። የደሙ መደፋት አንድ ነገር ነው፤ እየተቀበሉ በፈገግታ ካመሰገኑ በኋላ መድፋት ሌላ።

የእኛ ጎረቤቶች ታሪክም ለዚህ ይጠቅማል። በሚኒሶታ የሚኖሩ ሶማሌዎች ልጆቻቸውን በማስከተብ ከሌላው ሕዝብ አያንሱም ነበር፤ በ2004 የኩፍኝ ክትባት 92 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወላጆች ልጆቻችን ኦቲዝም ለምን በዛባቸው ብለው ጠየቁ። አጥጋቢ መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ኦቲዝሙን የሚያመጣው የኩፍኝ ክትባቱ ነው የሚል መልስ ይዘው የመጡት አንድሩ ዌክፊልድ ናቸው። በ12 ልጆች ላይ ብቻ ተመሥርቶ በ1998 ያወጡት ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ተሰርዞ፣ የሕክምና ፈቃዳቸውንም የተነጠቁ ሰው ናቸው። በ2014 የክትባቱ መጠን ወደ 42 በመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰው ያዘ፣ አብዛኞቹ የሶማሌ ልጆች።

በራሳችን መካከልም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በኤፕሪል 2020 ትራምፕ ለዓለም ጤና ድርጅት የሚሰጠውን ገንዘብ አቆማለሁ ሲሉ፣ ድርጅቱን የሚመሩት የቀድሞው የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር ቴድሮስ አድኃኖም ነበሩ። ስንቶቻችን ነን እሳቸው ስለ ቫይረሱ የተናገሩትን፣ በአገር ቤት ፖለቲካ ለእሳቸው ካለን ቦታ ለይተን የሰማነው? መልሱን እያንዳንዱ ለራሱ ያውቀዋል።

ከቁስል የመጣ ጥርጣሬና ከወገን የመጣ ጥርጣሬ ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። በ2020 መጨረሻ ጥቁር አሜሪካውያን ክትባቱን ከሚያመነቱት መካከል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሱ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት፣ ጥቁር ሐኪሞች፣ ፀጉር አስተካካዮች ሳይቀሩ ጥያቄያቸውን ሰምተው መለሱላቸው። በሴፕቴምበር 2021 ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ጥናት ተቋም ባደረገው ዳሰሳ ቢያንስ አንድ ክትባት ወስጃለሁ ያሉት ጥቁሮች 70 በመቶ፣ ነጮች 71 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። በዚያው ዳሰሳ ዴሞክራቶች 90 በመቶ፣ ሪፐብሊካኖች 58 በመቶ ነበሩ። ቱስኪጊን የሚያስታውሰው ሰው ጥያቄው ሲመለስለት ሐሳቡን ለወጠ። ወገኑን የሚከተለው ግን ሐሳቡን ለመለወጥ ወዳጆቹን ማጣት ነበረበት።

አሁንስ?

ወንበሮቹ ተለዋውጠዋል። ክትባቶችን ለዓመታት ከውጭ ሆነው ሲያጥላሉ የኖሩት ሮበርት ኬኔዲ ታናሹ በፌብሩዋሪ 2025 የጤና ሚኒስትር ሆኑ። በጁን ለመንግሥት ስለ ክትባት የሚመክረውን ኮሚቴ 17 አባላት በሙሉ አሰናበቱ። በኦገስት የሲዲሲ ኃላፊዋ ሥራ በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ ተባረሩ። በዚያው ወር የኮቪድ ክትባት ተጎጂ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው አትላንታ የሚገኘውን የሲዲሲ ዋና መሥሪያ ቤት በጥይት ደብድቦ አንድ ፖሊስ ገደለ። በቴክሳስ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት በዘለቀው የኩፍኝ ወረርሽኝ 762 ሰዎች ተይዘው ሁለት ያልተከተቡ ሕፃናት ሞቱ።

ትናንት ሲዲሲን እመኑ ይሉ የነበሩ ተንታኞች ዛሬ አትመኑ ይላሉ፤ ትናንት አትመኑ ይሉ የነበሩት ዛሬ በመጨረሻ እውነተኛ ሰው ገባበት ይላሉ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያው ሕንፃ ነው። የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በኦገስት 2025 ከመንግሥት የተለየ የራሱን የክትባት ሰሌዳ አወጣ። በሴፕቴምበር ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛቶች የራሳቸውን የጤና ምክር ለመስጠት ኅብረት መሠረቱ፤ ሃዋይም ተቀላቀለች።

ሲያትል የሚኖር አበሻ ቤተሰብ ዘንድሮ ልጁን ሊያስከትብ ሲሄድ የሚገጥመው ነገር ይህ ነው፦ አንድ ምክር ከአትላንታ፣ አንድ ምክር ከግዛቲቱ፣ አንድ ምክር ከሐኪሞቹ ማኅበር፣ አራተኛው ደግሞ ከስልኩ፣ በአማርኛ፣ ከማያውቀው ሰው።